ካባውን ያወለቀው አዋጅ ነጋሪ

አንድ ደባልቄ የሚባል አዋጅ ነጋሪ ነበር። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ገበያው በሙሉ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን የአገሩ ገዥ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬዎች በሦስት ቀን ውስጥ መሬታቸውን ለቀው እንዲወጡ የሚያዝ አዋጅ እንዲያነብ ሰጠው። ደባልቄ ነጋሪቱን ጎሰመና፣ «ወገኖቼ! ይህ አዋጅ ግፍ ነው፤ አላነበውም!» ብሎ ጮኸ። እዚያው ይዘው አሰሩት። ሰባት ዓመት በእግር ብረት ማቀቀ።

ከዚያ አዲስ ንጉሥ ነገሡ። የደባልቄን ታሪክ ሲሰሙ ወዲያው አስፈቱት። «ግፍን ፊት ለፊት የተጋፈጠ ሰው በአደባባይ ይሸለማል!» አሉ።

የሽልማቱ ቀን አደባባዩ በሰው ተጥለቀለቀ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ መለከቱ! ደባልቄ እያነከሰ ወደ ንጉሡ ሲወጣ ልቡ ከደረቱ ዘሎ ሊወጣ ደረሰ። ንጉሡ በገዛ እጃቸው በወርቅ የተጠለፈ ካባ አለበሱት።

«ከዛሬ ጀምሮ የእኔ አዋጅ ነጋሪ ነህ። በል፣ የመጀመሪያውን አዋጅ ለሕዝቡ አንብብ» ብለው ወረቀት ሰጡት።

ደባልቄ ወረቀቱን ገለጠው። አዲስ ቤተ መንግሥት ስለሚሠራ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ዛሬውኑ ይፈርሳል ይላል። ቀና ሲል ሸክላ ሠሪዎቹ ከፊት ቆመው ያጨበጭቡለታል። ካባውን ቀስ ብሎ አወለቀና ንጉሡ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ጃንሆይ፣ የሸለሙኝ እንዲህ ያለ አዋጅ አላነብም ስላልሁ ነው። ይህንንም አላነበውም።»

ዘበኞቹ ጎራዴያቸውን ጨበጡ።

«እስር ቤቱን ረሳኸው?» አሉ ንጉሡ።

«እንዴት እረሳዋለሁ ጃንሆይ! አሁንም እየፈራሁ ነው የምናገረው።»

የንጉሡ ፊት ተለዋወጠ። የወለቀውን ካባ አዩ፣ ሸክላ ሠሪዎቹን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጁ ወስደው ብጥስጥሱን አወጡት።

«ያለፈ ታሪክ የሸለምሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሸለምሁት በሕይወት ያለ ሰው ኖሯል!» አሉ።

እልልታው እንደገና አስተጋባ! ሸክላ ሠሪዎቹ ደባልቄን በትከሻቸው ተሸክመው አደባባዩን እየዞሩ ጨፈሩ።

ወዳጆቼ፣ ትናንት የሌላውን ግፍ የተቃወመን ሰው መሸለም ለማንም አይከብድም። እውነተኛው አክብሮት ዛሬ የእኛን ጥፋት ሲነግረን መስማት ነው። እናንተስ? የምታጨበጭቡለት ሰው ነገ ዞር ብሎ፣ «የአሁኑን ግፍ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?