የጎሚስታው ዋንጫ

አንድ ጎሚስታ የአማተሮች የጎልፍ ውድድር ገብቶ በመጀመሪያው ቀን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘ። ማታውን ሁሉ "ወደ ጎማህ ተመለስ" እያሉ ሳቁበት። በማግስቱ ግን ሁሉንም በልጦ ቁጭ አለ።

የዕለቱን ዋንጫ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ የክለቡ ሊቀመንበር ኮሎኔል ይገረሙ ዋንጫውን ያዙበት።

"ትናንት አብሬህ ስጫወት ነው የዋልኩት፤ አጨዋወትህን አውቀዋለሁ" አሉት በሰው ሁሉ ፊት። "ወይ ትናንት ቀልደህብናል፣ ወይ ዛሬ አጭበርብረሃል። የትኛው እንደሆነ ካልተናዘዝክ ዋንጫዋን አታያትም።"

ጎሚስታው ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

"ኧረ ሁለቱም አይደለም፣ ጌታዬ። ትናንት ቀኑን ሙሉ የእርስዎን ኳስ ከየጥሻው ስፈልግ ዋልኩ። ዛሬ ከሌላ ሰው ጋር ሲመድቡኝ የራሴን የምመታበት ጊዜ አገኘሁ።"