ሬሳ የሌለው ለቅሶ

አንድ ሸማኔ ነበረ። የሠራውን ጥበብ ገዢው እያደነቀለት፣ እሱ ግን ማንም የማያየውን የተዛነፈ ክር አይቶ መልሶ የሚፈታ፣ ጎረቤት ቢያስነጥስ እንኳ "እኔ አቧራ አስነስቼ ይሆን?" ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነው። ሰፈሩ በዚህ ጠባዩ ይስቅበታል፤ ልጁን የሚድር ሁሉ ግን ጋቢ የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው።

አንድ ክረምት ሸማኔው ከአልጋው መነሳት አቃተው። እንቅልፍ አጣ። እህሉ አፉ ውስጥ አፈር አፈር አለው። መወርወሪያውን ባየ ቁጥር እስከዚያ ቀን የሠራው ሁሉ ማታለል ሆኖ ይታየዋል። ጎረቤቶቹ ጎራ እያሉ፣ "ማን ሞቶብህ ነው እንዲህ የሆንከው?" ይሉታል። ሲወጡ ደግሞ በሩ ላይ፣ ድሮም ጠባዩ ነው፣ ራሱን ማስጨነቅ ይወዳል ሲባባሉ ይሰማል። እውነትም ማንም አልሞተበትም። ስለዚህ አፈረ። ያለ ምክንያት ማዘኑን እንደ ስርቆት ቆጠረው።

አንድ ቀን ያው ጥያቄ ሲመጣ፣ አፉ ቀድሞት፣ "ወንድሜ አንለይ ሞቶብኝ" አለ።

አንለይ አገር ለአገር እየዞረ ጨው የሚነግድ ታላቅ ወንድሙ ነው። መርዶውን ማን አመጣው ቢሉት መንገደኛ አለ፤ የተጠራጠረው የለም። ወዲያው የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ። ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው መጡ። ትናንት በሩ ላይ ሲያሙት የነበሩት ዛሬ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ አይዞህ፣ ትንሽ ቅመስ ይሉታል። ሸማኔው ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ከጉሮሮው ወረደ። በዋጠ ቁጥር ግን እፍረቱ ባሰበት፤ የወንድሙን ነፍስ ሸጦ የሚበላ መሰለው።

ከሰዓት በኋላ አንለይ አህዮቹን እየነዳ ደረሰ። ድንኳኑን ሲያይ ወንድሜ ሞተ ብሎ አህዮቹን ትቶ እያለቀሰ ገባ። ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። ከዳር አንዱ፣ "ሟቹ ራሱ ለቅሶ ደረሰ" አለ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

የእድሩ ዳኛ ተነሱና ሸማኔውን፣ "ሰው በቁሙ ቀበርክ እኮ። ምን ይሁን ብለህ ነው?" አሉት።

ሸማኔው ቀና ሳይል፣ "ሐዘኑ እውነት ነው አባባ። የማሳየው ሬሳ ነው ያጣሁት" አለ።

አላልናችሁም፣ ጠባዩ ነው የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። ይሄኔ አንለይ እንባውን ጠረገ። "ጠባዩንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ልጅ ሆነን እንስራ የምሰብር እኔ፣ የሚያለቅስ እሱ። በዚያው ጠባዩ ግን ልጆቻችሁን አልብሶ ድሯል። አሁን እጁን እንኳ ማንሳት አቅቶታል። ይህንንም ጠባይ ነው የምትሉኝ?"

እያንዳንዱ በሩ ላይ የተናገረውን አስታወሰ፤ አንገቱንም ደፋ። ወጣቶች ድንኳኑን ሊነቅሉ ሲነሱ ዳኛው በእጃቸው ከለከሏቸው።

"ይቆይ" አሉ። "ለሞተ ስንቀመጥ ኖረናል። እስቲ ለታመመም እንቀመጥ።"

በማግስቱ አንለይ ወንድሙን ይዞ ወደ ሐኪም ሲሄድ፣ እድርተኛው በሙሉ እንደ ቀብር እስከ ወንዙ ሸኘው። የሚመለስ ሰው ሲሸኙ የመጀመሪያቸው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ራሱን የሚወቅስና ቶሎ የሚጨነቅ ሰው ድባቴ በቀላሉ ሊያገኘው ይችላል። ረጅም ሰውን ዝቅ ያለ በር ቶሎ ይመታው የለ? እንደዚያ ማለት ነው። ግንባሩ ሲደማ ግን ቁስሉን እናጥብለታለን እንጂ ለምን ረዘምክ አንለውም። ጠባይ አብሮን የኖረ ነው፤ ድባቴ ግን በሽታ ነው፣ ይታከማልም። ክፋቱ፣ ያው ጠባይ በሽታውን ከእኛ ይሸፍንብናል፤ በሽተኛውንም ጥፋቱ የራስህ ነው ይለዋል።

በእኛስ ሰፈር በሩን ዘግቶ፣ አፍሮ የተኛ ሰው ይኖር ይሆን? አጠገቡ ለመቀመጥ የሟች ስም እስኪጠራልን ነው የምንጠብቀው?