የእድሩ ቃሬዛ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሃያ ሁለት አረጋውያን በግቢው ሰብስቦ የሚጦር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ነገሩን ስትሰሚ እንዳትስቺ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ላንቺ አይሆንም ነበር።

የመጣሽበትን ጥያቄ አልረሳሁም። ከመሥሪያ ቤት መጥተው ለምትጦሪያቸው አረጋውያን የአደጋ ጊዜ እቅድ ጻፊ፣ እያነሣሽም አለማምጂ ብለውሻል። አንቺ ደግሞ ክፉን ቀን አስቀድሞ መጻፍ መጥራት አይሆንም ወይ፣ ሽማግሌን በቃሬዛ አንሥቶ ማለማመድስ ማሳቀቅ አይሆንም ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይልቁንም አክስትሽን ማን ደፍሮ ያነሣቸዋል አልሽ። አንቺ ቁጭ በዪ፤ እኔ እቆማለሁ። ይህን ነገር ተቀምጬ ማውራት አልችልም።

የሰውየው ቤት ከተራራ ሥር ባለ ሞቃት ከተማ፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ነበር። ወንዝ ያልኩት ለስሙ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ አቋርጦ ማዶ ለማዶ ይመላለስበታል። ሰውየው ለአረጋውያኑ ያላደረገላቸው ነገር የለም። አንሶላቸው ንጹሕ ነው፣ ምግባቸው ትኩስ ነው፣ ጥርስ ለሌለው ይለሰልስለታል፣ ዐይኑ ለደከመ ዳዊት ይነበብለታል። ከሁሉም አብልጦ የሚሳሳላቸው እማማ ዘርፈሽዋል የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። እናቱ በሕፃንነቱ ስትሞትበት አንሥተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አርጅተው አልጋ ሲይዙ እቤቱ አመጣቸው፤ እሳቸውን ሲጦር ሌላውም፣ ሌላውም እየተጨመረ ነው ያ ቤት ቤት የሆነው።

ሰውየው አንድ ነገር ብቻ አይወድም፤ ክፉ ሲወራ። ጎርፍ ቢመጣስ፣ እሳት ቢነሣስ ያለ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ሟርተኛ ተባለ ማለት ነው። ክፉ አታውሩብኝ ይላል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያማትባል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

በቤቱ አንዲት ነርስ ነበረች። መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። ከአልጋ እስከ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ትለካለች፤ ለክታ ስትጨርስ እንደገና ትለካለች። ማን በእግሩ እንደሚሄድ፣ ማን ምርኩዝ እንደሚፈልግ፣ ማን ሁለት ሰው ካልያዘው ንቅንቅ እንደማይል በልቧ ይዛዋለች። ሁለቱ አይሰሙም፤ ቢጠሯቸው አይዞሩም። ሦስቱ በየቀኑ የሚወጉት የስኳር መድኃኒት አላቸው። አንድ አባት የገዛ ስማቸውን ረስተዋል፤ ወጥተው እንዳይጠፉ የግቢው በር ይቆለፋል፤ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ቀን ቀን ይላካል። መራመድ የማይችሉት አሥራ አንድ ናቸው። ቀን የሚውለው ሠራተኛ ግን ከወጥ ቤቷ ጋር አምስት ሰው ነው። ነርሷ ይህን ባሰበች ቁጥር እግሯ አያርፍም፤ ምግብ ይዛ ትነሣለች፣ ውሃ ይዛ ትነሣለች፣ ወደ በሩ ሄዳ መቆለፊያውን ነካ አድርጋ ትመለሳለች። ሰውየውን ብትጠይቀው ክፉ አታውሪብኝ አላት።

አንድ እሁድ ወደ ሰፈሩ እድር ስብሰባ ሄደች።

እድርን ታውቂዋለሽ። ሰው ሲሞት የሚሠራውን ያውቃል። ጥሩምባ የሚነፋው ይታወቃል፣ ድንኳን የሚተክለው ይታወቃል፣ አግዳሚ የሚያወጣው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው ሁሉ በመዝገብ ተጽፏል። ማንም ተነሥቶ እኔ ምን ልሥራ ብሎ አይጠይቅም። ነርሷ ስትገባ የእድሩ ዳኛ እንደ ደንቡ ማን እንደሞተ ጠየቋት።

«ማንም አልሞተም» አለች። «እንዳይሞት ነው የመጣሁት።»

ቃሬዛዎቹን፣ ጥሩምባውንና ተሸካሚዎቹን ለቁም ሰው እንዲፈቅዱላት ለመነች። ሰዉ ቅር አለው። አንዱ ደንባችን የሚጀምረው ከሞት ነው አለ። ሌላው በቃሬዛችን የቁም ሰው ማንሣት ደግ አይደለም አለ። ዳኛው ቁጭ በዪና እንነጋገር ቢሏት አልቀመጥም አለች። ቆማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ከእኔ አረጋውያን አንዱ ቢሞት ከእናንተ ስንቱ ይመጣል አለች። ዳኛው ኮራ ብለው አንድ አባወራ አይቀርም አሉ።

«እንግዲያው ከሞቱ በኋላ የምትመጡት ሰዎች» አለች፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ኑ።»

ጥሩምባ ነፊው መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ፤ በጀርባው በኩል ንጹሕ ገጽ ገለጠና በይ ንገሪኝ አላት። መራመድ ለማይችሉት ለአሥራ አንዱ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰው ከግቢው በላይ ካለው ዳገት ቤቶች ተጻፈላቸው፤ የቀሩት የአሥራ አንዱም ስም ሰፈረ። ለእማማ ዘርፈሽዋል አንድ አናጢና አንድ አስተማሪ ደረሷቸው። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ አጠር አጠር ተደርጎ ከተነፋ የሞት አይደለም፣ የሩጫ ነው ተባለ። ሁለተኛ ቁልፍ ተቀርጾ በእድሩ ዕቃ ቤት ተሰቀለ። መሰብሰቢያው ዳገቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ሆነ፤ እዚያ ሲደረስ መዝገቡ ተገልጦ የሃያ ሁለቱም ስም ይጠራል።

ሰውየው ሲሰማ ተቆጣ። ነገር ግን ጎረቤት ነው፣ ይሉኝታም አለበት፤ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልምምዱን ፈቀደ። እውነቱን ለመናገር ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ ደስ አላቸው። ብዙ ዘመን ያላዩትን ዳገት አዩ። አንደኛው ሽማግሌ ቃሬዛው ላይ ተጋድመው ተሸካሚዎቹን ቀስ በሉ እንጂ፣ እኔ ገና ነኝ እያሉ ሰፈሩን አሳቁት። የእማማ ተራ ደረሰ። ቃሬዛው አልጋቸው አጠገብ ሲቀመጥ አዩትና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው?» አሉ።

ሰውየው ደሙ ፈላ። አናጢውንና አስተማሪውን ከክፍሉ አስወጣ። መዝገቡን ከጥሩምባ ነፊው እጅ ተቀብሎ የእማማን ስም ሰረዘ፤ ከስማቸው ሥር የተጻፉትን ሁለቱንም ሰረዘ። እሳቸውን እኔ ራሴ እይዛቸዋለሁ አለ። ነርሷ አንተ የሌለህ ቀን ቢሆንስ አለችው። እኔ የት ሄጄ አላት። አልዋሸም፤ ከዚያ ቤት ርቆ አያውቅም ነበር። ነርሷ ያን ቀን ማታ ከአልጋ እስከ በር ስትለካ አመሸች።

ነሐሴ ላይ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ደመና የለችበትም። እንዲህ ያለው ሰማይ እስካሁን ያስፈራኛል። ዝናቡ የዘነበው ከዐይን የራቀው ተራራ ላይ ነበር። ሰውየው የእማማ የዐይን ጠብታ ማለቁን አየና አሸዋውን አቋርጦ ማዶ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደ። ወዲያው የሚመለስ ስለሆነ ለማንም አልተናገረም።

የጥሩምባ ነፊው ቤት ከወንዙ ላይኛው ወገን ነው። መሬቱ ሲያጉረመርም ሰምቶ ወጣ፤ ውሃው ዛፍ ነቅሎ ይዞ ሲመጣ አየ። ሦስት ጊዜ፣ አጠር አጠር አድርጎ ነፋ። ከዚያ የሆነውን ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ልብስ የምታጥበው እጇን ሳትጠርግ ሮጠች፤ ምሳ ላይ የነበረው ጉርሻውን በአፉ ይዞ ሮጠ። በሩ ተከፈተ። እያንዳንዱ ወደ ተጻፈለት ሰው ሄደ፤ መንገድ ላይ የተጋጨ የለም። ነርሷ የመድኃኒቱን ሣጥን በትከሻዋ አድርጋ፣ ስማቸውን የረሱትን አባት በእጃቸው ይዛ፣ ክፍል ለክፍል እያየች መጨረሻ ላይ ወጣች። የእማማ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እሳቸውን እኔ ራሴ እይዛቸዋለሁ የሚለው ቃል በጆሮዋ አለ፤ ይዟቸው ወጥቷል ብላ አለፈች። እማማ ተኝተው ይሁን ነቅተው አይታወቅም። ቢነቁም ጮኸው ሰው የሚጠሩ ሴት አልነበሩም።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መዝገቡ ተገለጠ፣ ስም ተጠራ። የተጠራው ሁሉ አቤት አለ፤ ለማይሰማውና ስሙን ለረሳው የያዘው ሰው አቤት አለለት። አንድም የጎደለ የለም። ሰው ተቃቀፈ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ሃያ አንድ ስም ነበር የተጠራው፤ የተሰረዘ ስም አይጠራምና።

ሰውየው ከማዶ ቆሟል። በመካከላቸው ውሃው ይጋፋል፤ ዋናተኛም አይሻገረውም። ዐይኑን አጥብቦ ዳገቱ ላይ ያለውን ሰው ይቆጥራል፤ ይሳሳታል፣ እንደገና ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ሰው እያለ አንዱ እማማን አንሥቷቸዋል ብሎ ራሱን ያጽናናል። ነርሷ ሣጥኑን አስቀምጣ እማማስ ብላ ስትጠይቅ ሊሰማት አይችልም። ነገር ግን ቁልቁል ወደ ቤቱ ስትሮጥ አያት፤ አራት ሰዎች ወገቧን ይዘው ሲያስቀሯትም አየ። ያን ጊዜ ገባው። ማዶ ሆኖ ጮኸ፤ ውሃው ከእሱ በላይ ይጮህ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎርፉ ጎደለ። በማግሥቱ ጥሩምባው ተነፋ፤ ረጅሙ፣ የለመድነው። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ለአንዲት አሮጊት ስምንት ተሸካሚ እየተቀባበለ ተሰለፈ። ዳኛው እንዳሉት ነው፤ አንድ አባወራ አልቀረም። ሰውየው ከቃሬዛው ኋላ ይሄዳል። የዐይን ጠብታው በእጁ ነበር፤ የትም አላስቀመጠውም።

ይኸውልሽ ልጄ። ከስምንቱ ተሸካሚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ደግሞም ያ አስተማሪ እኔ ነኝ፤ ስሙ ከእማማ ስም ሥር ተጽፎ የተሰረዘው። ስሰረዝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። አሮጊት አስቀይሞ ከመታየት ተገላገልኩ አልኩ። በዚያ ሐሙስ ጥሩምባውን ሰምቼ እኔም ወጥቻለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ቀስ በሉ፣ በዚህ በኩል ግቡ እያልኩ ሌላውን አስተናግድ ነበር። በማግሥቱ ቃሬዛው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ እጅግ ቀላል ነበሩ። ሁለት ሰውም ይበዛባቸው ነበር።

ክፉን ቀን መጻፍ መጥራት ነው ወይ ብለሻል። ውሃው መዝገባችንን አንብቦ አልመጣም። ሰውየው እማማን ከክፉ ቃል ጠበቃቸው፤ ከውሃው የሚጠብቃቸውን ስም ግን በገዛ እጁ አጠፋው። አንቺም ያን ሰው ትመስያለሽ፤ ይህን የምልሽ ስለምወድሽ ነው። ቤትሽ ውስጥ አሥራ አራት አረጋውያን አሉ። አሥራ ሦስቱን ትጽፊያለሽ፣ ታለማምጃለሽም፤ አውቅሻለሁ፣ ትጉህ ነሽ። አክስትሽ ጋ ስትደርሺ ግን ታፍሪያለሽ፤ እሳቸውን እኔ ራሴ እይዛቸዋለሁ ትያለሽ።

ስለዚህ ዛሬ እቤትሽ እንደገባሽ ወረቀት አውጪና ከሁሉ አስቀድመሽ የአክስትሽን ስም ጻፊ። ቢቆጡሽ ይቆጡሽ፤ ተቆጥተው ይኑሩ። ከስማቸው ሥር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱን አንቺ ፈልጊ። ሁለተኛው ላይ የእኔን ስም ጻፊ፤ ለእሁዱ ልምምድ እመጣለሁ። አርጅተዋል እንዳትዪኝ። ምን ያህል ቀላል እንደሚሆኑ አውቃለሁ።