ሽምብራ የበላ ናፍቆት

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም አትፈሩ፣ ይህ ለእናንተም ይሆናል። ድሮ ድሮ፣ ስሙን አያቴም በማታውቀው አገር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አንለይ ይባላል። ስሙ አንለይ፣ ዕጣው መለየት! የታመመ አጎቱን ሊጠይቅ በሰኔ ማዶ እንደተሻገረ ወንዙ ሞላና እዚያው ቀረ።

አንጓች መቀመጫ አጣች። ብድግ ትላለች፣ ቁጭ ትላለች። እንዝርቷን ታነሳለች፣ ትጥላለች። ቢጣሩም ወንዙ እያገሣ ድምፅ አያሻግርም። ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች የምትሻገር ጦጢት ብቻ ነበረች።

"እመት ጦጢት፣ በሞቴ ዘፈኔን አድርሽልኝ።"

"ምን ገዶኝ! ብቻ ሆዴ ሲጎድል ግጥም ይጠፋኛል።"

አንጓች እፍኝ ሽምብራ ሰጠቻትና ዘፈነች፦

"አልጋውም ሰፋብኝ ጓዳው ጠበበብኝ፣
ማዶ የቀረው ሰው ልቤን ወሰደብኝ።"

ጦጢት ሄደች፣ መጣች። መልስ አመጣች፣ ሽምብራ በላች። በማግስቱም ሄደች፣ መጣች፤ መልስ አመጣች፣ ሽምብራ በላች። አንጓች ዘፈኑ ስለጣማት ወደ ወንዙ መውረድ ተወች።

"ወንዙስ አልጎደለም?"

"ምን ይጎድላል! ትናንት በሬ ወሰደ።"

አንድ ቀን ጦጢት ከንፈሯን እየላሰች መጣችና አንለይ ብሏል ብላ አዜመች፦

"ናፍቆትሽ ጠናብኝ ቀኑም አልመሽ አለ፣
ለጦጢት ስጪልኝ ሽምብራው እንዳለ።"

አንጓች ክው አለች። የቀረው የዘር ሽምብራ ነው። "ቆሎ ልቁላ ስል እጄን የሚይዘኝ ሰው ዘሩን ስጪ አለ?" ብላ አሰበች። ደግሞስ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ አይደል? መዝሪያውም ደርሷል። ክረምቱ ከወጣ ወንዙ በምን ይሞላል?

ዘሩን ደበቀች። እፍኝ ብቻ አንገተ ጠባብ ቅል ውስጥ ጨምራ ቅሉን ከምሰሶው ጋር አሰረችው። "ብዪ፣ ያውልሽ፣" አለቻትና ወደ ወንዙ ሮጠች።

ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አላለፈም። በራሷ ተናደደች፣ አለቀሰች፣ ተሻገረች። አንለይ አጎቱ ደጅ ከወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጥ አገኘችው።

"አንጓችዬ! ጎርፉን እንዴት አለፍሽው?"

"የምን ጎርፍ? ቀሚሴን እንኳ አላረጠበብኝም።"

"ጦጢት እኮ ሞልቷል እያለች... ለዘፈንሽም ስንት ማር አበላኋት!"

"ዘፈኔ ማር ይጠይቅ ነበር?"

"በየስንኙ!"

ተቃቅፈው ሳቁ፣ እያለቀሱ። ቤት ሲደርሱ ጦጢት እጇ ቅሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ትጮኻለች።

"ልቀቂኝ አንጓች!"

"እኔ መች ያዝኩሽ? ጭብጥሽን ፍቺው፣ ትወጫለሽ።"

"ሽምብራውስ?"

እነሱ ማሳ ወርደው ዘሩን ዘርተው ሲመለሱም ጦጢት ገና እያሰበች ነበር። እኔም ተርቼ ደከመኝ፤ አፌን በሽምብራ ቆሎ አብሱልኝ፣ ከቅል ውስጥ ግን አይሁን። ይህንንም ያዙልኝ፦

የናፈቀ ወንዙን በእግሩ ይለካል፣ በጦጣ የላከ ዘሩን ያስበላል።