ሃይማኖትን በጭልፋ የለካው ሊቅ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ላማችሁ መንታ ትውለድ፤ ዝም ያላችሁ ድመት እለቡ! ይህን የምነግራችሁን አታምኑም። እምላለሁ፣ አታምኑም! እኔም ስሰማው አላመንኩም፤ የነገረኝ ሰውዬም ሲነግረኝ አላመነም። ውሸት ከሆነ ግን ጺሜ ይርገፍ። ጺም የለህም እንዳትሉኝ፤ ባለፈው ስምል ነው የረገፈው።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ገና እንደ ሊጥ ለስላሳ ሳለ፣ አንድ ንጉሥ ነበረ። ንጉሡ ሲያስነጥስ ሰባት ወንዝ ማዶ ያለ ሰው «ይማርዎ!» ይላል። ታዲያ አንድ ቀን አንድ መንገደኛ በደጁ ሲያልፍ ውሃ ለመነ፤ ጠጣ፤ አፉን ጠረገና «ጃንሆይ፣ ለመሆኑ ሃይማኖት ምንድን ነው?» አለው።

ንጉሡ አፉን ከፈተ። ዝንብ ገባ፣ ዝንብ ወጣ፤ መልስ ግን አልወጣም። መንገደኛው ሳቀና መንገዱን ቀጠለ። ንጉሡ አፈረ። ያፈረ ንጉሥ ምን ያደርጋል? አዋጅ ያውጃል!

«ሃይማኖት ተጠንቶ፣ ምን እንደሆነ እስኪነገረኝ ድረስ፣ በአገሬ ከበሮ አይመታ! ሠርግ አይደገስ!»

አዋጁ ዋርካ ሜዳ ሲደርስ፣ ደግፌ የሚባል ገበሬ የአሥራ ሁለተኛውን ጋን አፍ በጭቃ እየመረገ ነበር። ልጁን እንጉዳይን ሊድር የቀረው ሰባት ቀን ብቻ ነው። ጎረቤቱ አህመዴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ደግፌ ክርስቲያን ነው፣ አህመዴ እስላም፤ አጥራቸው ግን እሳት ሲጫጫሩበት፣ ወንፊት ሲዋዋሱበት አልቆ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

«ምነው ደግፌ፣ ፊትህንም መረግኸው እንዴ? ጠቆረብኝ።»

«አዋጁን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ። ጠላው ግን አልሰማም፤ ይኸው ይፈላል!»

ዋርካ ሜዳ ከወንዝ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን፣ ከወንዝ ወዲያ መስጊድ ያለበት አገር ነው። ስለዚህ ንጉሡ ሊቃውንቱን ወደዚያው ላካቸው። ማረፊያቸውም፣ የደግፌ ዕድል ሆኖ፣ የደግፌ ቤት ሆነ።

መጀመሪያ ባለመጽሐፉ መጣ። መጽሐፉን ሰባት በቅሎ ተሸክሞለታል፤ ስምንተኛዋ በቅሎ መነጽሩን። ተቀመጠ። አነበበ። ቀና አላለም። ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ ከወንዝ ማዶም አዛን ተሰማ። ሊቁ ጆሮውን ደፈነና ጮኸ።

«ኧረ ዝም በሉልኝ! ሃይማኖት እያጠናሁ ረበሻችሁኝ!»

ሄዶም ለንጉሡ «ሃይማኖት አራት ሺህ ቅጠል ነው፤ ሁለቱን አይጥ በልቶታል» አለው።

«አይደለም!» አለ ንጉሡ።

ጠላው ፈላ።

ቀጥሎ ባለመለኪያው መጣ። በገመድ ይለካል፣ በሚዛን ይመዝናል። የቄሱን ስግደት ቆጠረ። በመስጊዱ ደጅ የወለቀውን ጫማ ቆጠረ፤ አንዱ ጎደለውና ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ለካ ባለቤቱ አንድ እግር ነው። አህመዴንም ሊሰግድ ሲገባ በእህል ሚዛን መዘነው፤ ሰግዶ ሲወጣም መዘነው።

«ያው ነህ» አለው። «ሃይማኖት ክብደት የለውም።»

«ጌታው፣ እኔን እኮ ቀሎኛል!» አለ አህመዴ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ሚዛኑን ነው የጠየቅኩት!»

ይህንንም ንጉሡ «አይደለም!» አለ። ጠላው ፈላ።

ሦስተኛው ባለጥያቄው ነው። ያገኘውን ሁሉ «ሃይማኖት ምንድን ነው?» ይላል። አሮጊቷ «ልጄ ሲታመም የምጮህበት ነው» አለችው። ሌባው «ሲይዙኝ የምምልበት ነው» አለው። ሰው በጓሮ በር መሸሽ ጀመረ፤ እሱ በጓሮ በር ጠበቀ። ለንጉሡም «ሰባት መቶ ሰው ጠየቅሁ፤ ሰባት መቶ አንድ መልስ አገኘሁ። የአህመዴ ሚስት ሁለት መለሰችልኝ» አለ።

«አይደለም!» አለ ንጉሡ። «አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም!»

ሠርጉ ሁለት ቀን ቀረው። ጠላው ሊገነፍል ጭቃውን በግንባሩ ይገፋል። ደግፌ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ መንግሥት ገባ፤ መሬት ሳመ።

«ጃንሆይ፣ ሃይማኖት ምን እንደሆነ አላውቅም። የት እንደሚውል ግን አውቃለሁ። የልጄ ሠርግ ላይ ይመጣል። ይምጡና ይዩት።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ደግፌ ያሰበው አንዳች ነገር አልነበረም። ሐሳቡ ሁሉ ጠላው ላይ ነው።

ንጉሡ ዓይኑን አጠበበ። «ደግስ። ከበሮ ግን አይመታ። እመጣለሁ፤ መቼ እንደምመጣ፣ በየት እንደምመጣ አታውቅም። ሃይማኖትን በዓይኔ ካላየሁ ጋኖችህን በሙሉ አስፈስሳለሁ፤ ሙሽራውንም ወደ እናቱ እመልሰዋለሁ!»

የሠርጉ ቀን ደረሰ። የዋርካ ሜዳ ወግ እንዲህ ነው። ክርስቲያን ሲደግስ ሁለት በሬ ይጣላል። አንዱን ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ አንዱን እስላም ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ዳስ። የእስላሙ ድስት ጆሮው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይታሰራል። ጭልፋ ከድስት ወደ ድስት አይሻገርም። እስላም ሲደግስም ወጉ ያው ነው።

ወጡ በስሎ፣ ድስቶቹ ከእሳት ወርደው ጓሮ ከጭዱ ክምር አጠገብ ተቀመጡ። አህመዴና ሚስቱ ዘሃራ እስላም እንግዶቹን ሊቀበሉ ወንዝ ወረዱ። ደግፌ ወጡን ሊያይ ወደ ጓሮ ብቅ ሲል ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሦስቱ ሊቃውንት ተመልሰው መጥተው ድስቶቹን ከበዋል! ባለመለኪያው የክርስቲያኑን ጭልፋ ከነቅባቱ አረንጓዴ ጨርቅ ባለው ድስት ውስጥ እስከ እጀታው ነክሮታል።

«ጌታው! ምን እያደረጉ ነው?»

«እየለካሁ ነዋ! የክርስቲያኑ ጥልቀት ክንድ ከስንዝር። የእስላሙም ክንድ ከስንዝር። ሁለቱ ሃይማኖቶች እኩል ናቸው! ይህን ከእኔ በፊት ማንም አልደረሰበትም!»

ከወንዙ በኩል የእንግዶቹ ዘፈን ይሰማል፤ መቶ ሰው፣ ከሩቅ አገር፣ በባዶ ሆዱ።

«ይህ ወጥ እኮ ከእንግዲህ ለእነሱ አይሆንም!» አለ።

ባለመጽሐፉ ቀና ሳይል፣ «በመጽሐፌ ስለ ጭልፋ የተጻፈ የለም። ዝም በል። ማን አየ?» አለው።

ባለመለኪያው «የገባው ሦስት ጠብታ ነው። ዝም በል። ማን አየ?» አለው።

ባለጥያቄው «እስቲ ልጠይቅህ፤ ማን አየ?» አለው።

ደግፌ ወደ ቀኝ አየ፤ ዶሮ። ወደ ግራ አየ፤ የጭድ ክምር። ወደ ላይ አየ፤ አሞራ። ሰው የለም። ቢናገር መቶ እንግዳ ጦሙን ሊያድር ነው፤ ሠርጉ ሊዋረድ፣ ጋኑ ሊፈስስ፣ እንጉዳይ ቤት ልትቀር ነው። ዝም ቢል ሁሉም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል። ዝም ለማለት ሞከረ። አፉን ገጠመ። አፉ ግን የሰነበተ አተላ የያዘ ያህል ኮመጠጠው።

አህመዴ እየሳቀ ገባ። «በል ደግፌ፣ እንግዶቼ ተቀምጠዋል። ይውጣ ወጡ!»

ደግፌ የድስቱን ክዳን በሁለት እጁ ተጫነው። «አይወጣም፣ ወንድሜ።»

«ምነው?»

«ድስትህ ተነክቷል። የእኛ ጭልፋ ገብቶበታል።»

«ማን አየ?»

«እኔ አየሁ።»

አህመዴ ድስቱን አየ። ሊቃውንቱን አየ። ደግፌን አየ፤ ደግፌ እያለቀሰ ነው። አህመዴ ትከሻውን ያዘውና ሳቁን ለቀቀው፤ ሳቁ የሦስት ጎረቤት ዶሮ ከቆጥ አወረደ።

«አንተ ሰው! ለዚህ ነው የምታለቅስ? ወይፈኔን ታውቀዋለህ አይደል? ለእርሻ ገና አልደረሰም። ለእንጉዳይ ሠርግ ግን፣ ወላሂ፣ ዛሬ ደርሷል! ዘሃራ! ቢላዋ!»

የተነካው ወጥ ለውሾች ተሰጠ፤ ውሻ ማን አረደው ብሎ አይጠይቅም። የክርስቲያኖቹ ዳስ ነገሩን ሰማ። እጃቸውን ታጥበው፣ እንጀራው ፊታቸው ቀርቦ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ የመሶቡን ክዳን መለሱት።

«እነሱ ሳይቀርብላቸውማ እኛ አንጎርስም!»

እንግዲህ ሁለት ዳስ ሙሉ ሰው ተራበ። የአህመዴ ወይፈን እስኪበስል ሁሉም ዓይኑን ጭሱ ላይ ተክሎ ጠበቀ። ድንገት ጉርርርር አለ! ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ደመና የለም። አሁንም ጉርርርር! ሴቶቹ የተሰጣ ብቅል ሊያነሱ ሮጡ። ሦስተኛ ጉርርርር ሲል የጭዱ ክምር ብድግ ብሎ ቆመ!

ንጉሡ ነው። ከንጋት ጀምሮ ጭዱ ውስጥ ነበር። የሚያጉረመርመው ሆዱ ነው። ዘውዱ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ጥላለች።

«እኔም አየሁ!» አለ። ሰው ሁሉ በግንባሩ ተደፋ። ንጉሡ ወደ ሊቃውንቱ ዞረ። «አንዱ አነበበ፣ አንዱ ለካ፣ አንዱ ጠየቀ። ድስቱ አጠገብ ስትደርሱ ግን ሦስታችሁም ‹ማን አየ?› አላችሁ። ይህ ሰው ዝም ቢል ያተርፍ ነበር፤ ተናገረ። ያኛውም ነገ ሊያርስበት ያሳደገውን ወይፈን ጣለ። እነዚህም ምግብ ፊታቸው ቀርቦ ተራቡ። ዓይን ሲያይ ሁሉም ጻድቅ፣ ዓይን ሲዞር ሰው ይታወቅ!»

ወዲያው ፈረደ። ሦስቱ ሊቃውንት የሁለቱን ዳስ ድስትና አሥራ ሁለቱን ጋን ይጠቡ፤ ውሃውንም ከወንዝ በጀርባቸው ያምጡ። ለአህመዴ ሁለት በሬ ከነቀንበሩ። ለደግፌ ደግሞ የተከለከለው ከበሮ፣ «ይመታ!» ሊል እጁን አነሳ።

ያኔ ባለመጽሐፉ ጣልቃ ገባ። «ጃንሆይ፣ ይህ አባባል ስንት ቅጠል ይሞላል?»

ባለመለኪያው ተከተለ። «ዓይን ሲዞር ሲሉ፣ በስንት ስንዝር?»

ባለጥያቄው አልቀረም። «ሰው ሲሉስ፣ የትኛው ሰው?»

የንጉሡ እጅ አየር ላይ ቀረ። አሰበ። አፉን ከፈተ። ዝንብ ገባ፣ ዝንብ ወጣ። ወይፈኑ በስሏል፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ከጓዳ አንዱ ጋን ጭቃውን ፈንቅሎ ቡፍ አለ። ደግፌ ንጉሡን ያያል፣ ጋኑን ያያል፣ ንጉሡን ያያል።

በዋርካ ሜዳ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ትንፍሽ አትልም፤ ነውር ነው። እንጉዳይ ግን ከተከናነበችው ጥለት ሥር ጮኸች።

«ኧረ ጃንሆይ! ሃይማኖት ከአዳም ጀምሮ ጠብቋል፣ ነገም ይጠብቃል፤ ጠላውና ሙሽራው ግን ካደሩ ይኮመጥጣሉ!»