በረዶ የዘለለው ጤፍ

በረዶ የመንደሩን ማሳ ሁሉ ድምጥማጡን አጥፍቶ የፊታውራሪ ጓንጉልን ጤፍ ብቻ ዘሎት አለፈ። ፊታውራሪ ደስታቸው ልክ አጣ። ከበረዶው በፊት አገሩ ምህላ ወጥቶ ሲያለቅስ እሳቸው ተኝተው ነበራ! ጭሰኞቻቸውን ሰብስበው፣

«እግዜር ያዳላል ወይስ አያዳላም?» አሉ። «ያዳላል ያለ፣ የተመረጥኩት እኔ ነኝና ዓመቱን በነጻ ያርስልኛል። አያዳላም ያለ ጤፌ ለምን እንደተረፈ ያስረዳኝ፤ አለዚያ ይገረፋል!»

አንድ ምላሰኛ ጭሰኛ ከኋላ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«አያዳላም ጌታዬ። እኛ በምህላው የየማሳችንን ቦታ እየጠራን ስንጮህበት ያለንበትን አወቀና መታን። እርስዎ ደጁን ረግጠው ስለማያውቁ፣ እዚህ አገር መኖርዎንም አልሰማ። ለማያውቀው ሰው እንዴት አድርጎ ያዳላል? ከፈለጉ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ይበሉና ይተዋወቁ፤ ብቻ አስቀድመው ጤፍዎን ይሰብስቡ።»