ድልድዩ ለሸማኔዎች የደረሰ ጊዜ

አንድ ፍትሕ ወዳድ ንጉሥ ነበረ። በግቢው ውስጥ አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ቆዳ ሠሪዎች የየራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ከየአገሩ የሚመጣው ሥራ ሁሉ የሚገባው በአንድ በር ሲሆን፣ በሩ ላይ የሚቆመው አጋፋሪ ተቀብሎ ለባለሙያዎቹ ያከፋፍላል። ድሮ ታዲያ ሥራ በመጣ ቁጥር ጠብ ነበር። “ለእነሱ አዳላህ፣ እኛን ረሳህ” የሚለው ክስ ንጉሡን እንቅልፍ ነሳው። በመጨረሻ አንድ ሕግ አወጣ። ሥራው ምንም ይሁን ምን በተራ ይሰጥ፤ ተራው የደረሰው ይውሰድ።

ጠቡ በረደ፤ ንጉሡም ደስ አለው። ሥራው ግን ጉድ ሆነ። የንግሥቲቱ ካባ ቢቀደድ ተራው የአንጥረኞች ነበርና በሽቦ ሰፍተው መለሱት፤ ንግሥቲቱን በበዓሉ ቀን ሽቦው ሲወጋት ዋለ። የጎተራው በር ቢሰበር ለቆዳ ሠሪዎች ደረሰና በቁርበት ጋረዱት፤ አይጥ ቁርበቱንም እህሉንም በላ። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ወይም የሚያሳዝነው፣ አንዳቸውም “ይህ የእኔ ሙያ አይደለም” አለማለታቸው ነው። በዚያ አገር “አልችልም” ማለት ነውር ነበራ! ንጉሡም ሥራ በተበላሸ ቁጥር የየሙያውን አለቃ ይሽራል፤ ሕጉን ግን አንድም ቀን አልጠረጠረም።

አንድ ዓመት ሰኔ ሲገባ ደብሪቱ የምትባል አዋላጅ ከሩቅ መንደር መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አጋፋሪው ላቀው ይባላል፤ ለቦታው ገና አዲስ ነው። ላቀው አንድ ጠባይ ነበረው። የበሩን ሥራ ሲጨርስ ወደ ቤቱ አይቸኩልም፤ በየባለሙያው ሰፈር እየዞረ ይቀመጣል፣ ሲሠሩ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያስቃል። ዘበኞቹ “ወሬኛው አጋፋሪ” ይሉት ነበር። ወሬኛስ ወሬኛ ነው፤ ነገር ግን የማን እጅ በምን ሥራ ላይ እንደሚያምር ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

“ጌታዬ” አለች ደብሪቱ፣ “የመንደራችን ድልድይ ተጎድቶ ዘምሟል። እኔ ከወንዙ ወዲህ ነኝ፤ ልጄ ተድራ ወዲያ ማዶ ናት። የመጀመሪያዋ ነው፤ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። ያን ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ሰው አያሳልፍም። በዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ አዋላጅ የለም።”

ላቀው ተራው የማን እንደሆነ ያውቃል። የሸማኔዎች ነው። የሸማኔዎቹን አለቃ ተድላን አስጠራው። ተድላም ጉዳዩን ሰምቶ ሳይጨርስ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አደረገና “እንሠራለን!” አለ። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም እንዴ? ድልድይ ምኑ ያቅተናል!”

የደብሪቱ ፊት ዐመድ መሰለ። ላቀው ይህን አየና ተድላን ወደ ጎን ወስዶ ቀስ ብሎ ጠየቀው።

“አለቃ፣ ወንዙ ሞልቶ እያጓራ፣ እርስዎ በሠሩት ድልድይ ላይ የራስዎን እናት ያሻግራሉ?”

“አላሻግርም” አለ ተድላ መሬት መሬት እያየ። “እውነቱን ልንገርህ? ተራ በደረሰን ቁጥር ‘ዛሬስ ምን እናበላሽ ይሆን?’ እያልኩ አድራለሁ። ግን እስከ ዛሬ ‘ተራችሁ ነው’ አሉን እንጂ ‘ትችላላችሁ ወይ?’ ብሎ የጠየቀን የለም።”

እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ስደርስ ለተድላ ብድግ ብዬ እጅ ብነሳ ደስ ይለኛል። ጦር ፊት የሚቆም ሞልቷል። አገር ሙሉ ነውር ነው ያለውን ቃል በገዛ አፉ ለማውጣት ግን ሌላ ዓይነት ወኔ ያስፈልጋል።

ላቀው ወደ ደብሪቱ ተመለሰ። “እናቴ፣ የተጎዳው ምኑ ነው? የሚረገጠው ርብራብ ነው ወይስ የቆመበት እግር?”

“ርብራቡ ደህና ነው። ውኃው የበላው የድንጋዩን እግር ነው።”

ይህን እንደሰማ ይዟት ወደ ግንበኞቹ ሄደ። የግንበኞቹ አለቃ ሽበሺ አዳመጠና “እግሩስ የእኛ ሥራ ነው፤ ግን ርብራቡ ሳይነሳ አይነካም። አናጢዎችም ያስፈልጋሉ” አለ።

“አናጢዎቹን አንተው ጥራቸው” አለው ላቀው። “የሥራው ባለቤት ግን አንተ ነህ፤ እኚህ እናት የሚጠይቁት አንተን ብቻ ነው። ደርሰህ ስታየው የእናንተ ሥራ ካልሆነ ደግሞ ለጎረቤት እንዳታቀብል። ለእኔ መልስልኝ። አሳስቼ የላክሁት እኔ ከሆንኩ የማቃናውም እኔ ነኝ።”

ዘበኞቹ ደነገጡ። “አጋፋሪ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል። በአንድ ድልድይ ምክንያት አንገትህን ልትሰጥ ነው?”

“ምጥ ተራ አይጠብቅም” አለና ወደ በሩ ተመለሰ።

ግንበኞቹ መንገድ በጀመሩ ማግስት ወሬው ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ላቀው ተይዞ ቀረበ።

“ሕጌን የሻርከው አንተ ነህ?”

“ነኝ፣ ጃንሆይ።”

“ያ ሕግ ግቢዬን ከጠብ ያዳነ፣ አድልዎን ያጠፋ ሕግ ነው!”

“እውነት ነው፣ ጃንሆይ። ተራው ሠሪን ከሠሪ አስታርቋል። በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ግን ያሰባት የለም። ሥራው የሚመጣው ለእኛ እንዲዳረስ ሳይሆን ለእሷ እንዲሠራላት ነው።”

“ለመሆኑ አንተ ስለ ግንብ ምን ታውቃለህ?”

“ምንም አላውቅም። ግንበኞቹን ግን አውቃቸዋለሁ።”

ይህን ጊዜ አለቃ ተድላ ከሰው መሃል ወጥቶ መሬት ሳመ። “ጃንሆይ፣ ጥፋት ካለ የእኔም ነው። ተራዬን የለቀቅሁት እኔ ነኝ፤ አልችልምና።”

አዳራሹ አጉረመረመ። ንጉሡ ኩሩ ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም። ብዙ አሰበና “እኔ አልፈርድም” አለ። “ወንዙ ይፍረድ። ወንዙ ሲሞላ ድልድዩ ከቆመ ሕጌ ይወድቃል። ድልድዩ ከወደቀ ግን አጋፋሪው እድሜ ልኩን ይታሰራል።”

ነሐሴ ገባ። ሰማዩ ተቀደደ። ወንዙ ግንድ እያንከባለለ፣ ቀይ ጭቃ እየተፋ ወረደ። ከወዲያ ማዶ “ልጅሽን ምጥ ይዟታል!” የሚል ጥሪ ሲመጣ ደብሪቱ እየሮጠች ድልድዩ አፍ ላይ ደረሰች። ውኃው ርብራቡን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቆም አለች።

ሽበሺ እዚያው ነበር። ሥራው ካለቀ ሰንብቷል፤ እሱ ግን ክረምቱ እስኪወጣ ወደ ቤቱ አልሄደም። ቀደማት፤ መሃል ድረስ ሄዶ ቆመና ባለ በሌለ ኃይሉ ርብራቡን ረገጠው። ከዚያም ዞር ብሎ እጁን ዘረጋላት።

“ይምጡ፣ እናቴ!”

ተሻገረች። ምጡ ክፉ ነበር፤ ሕፃኗ በእግሯ በኩል ነበር የመጣችው። በዚያ ማዶ ያንን የሚያውቅ እጅ ከደብሪቱ እጅ በቀር አልነበረም። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ እናቲቱ በሰላም ተገላገለች፤ ሕፃኗም ደህና ነበረች።

ወንዙ ገና ሳይጎድል ደብሪቱ ንጉሡ ፊት ቀረበች።

“ምን ይዘሽ መጣሽ?” አላት።

“ፍርዱን፣ ጃንሆይ። ሞልቶ ሳለ ሄድኩ፤ ሞልቶ ሳለ ተመለስኩ። ልጄ በሕይወት አለች። የልጅ ልጄንም አቅፌያለሁ።”

ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ። “ፍትሕን ለሠራተኞቼ እኩል አካፍዬ ጨረስሁና ሥራውን ለሚጠብቀው ሰው ምንም አላስቀረሁለትም” አለ። በሕዝብ ፊት ስህተቱን መናገሩ ከሕጉ ሁሉ የበለጠ አስከበረው። በዚያው ቀን ተራው ተሻረ፤ ላቀውም በበሩ ላይ ጸና። ጠቡ ተመልሶ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልመጣም። እያንዳንዱ የሚያምርበትን ሥራ ሲያገኝ በሌላው ሥራ ላይ የሚቀናበት ምክንያት አጣ።

ሥራን ማከፋፈል እንደ ዳቦ ቆርሶ ማዳረስ አይደለም። ሥራን ለሚችለው መስጠት፣ ለአንዱም ባለቤትነቱን ማስረከብ፣ ስህተቱንም በራስ ላይ መውሰድ ነው። ለዚህም ሙያውን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም፤ ባለሙያዎቹን ቀርቦ ማወቅ፣ “ትችላለህ ወይ?” ብሎ መጠየቅ፣ “አልችልም” ያለውንም ማክበር ይበቃል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በሩ ላይ የሚቆመው አጋፋሪ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን የሚሄደው እኛ ባሳየነው መንገድ ነው፤ “ተራው የማን ነው?” ብቻ ብለን ካስተማርነው ያንኑ ሲጠይቅ ይኖራል።

እናንተስ፣ ዛሬ ሥራውን ለአንዱ ስትሰጡ ያሰባችሁት ማን እጁ ባዶ እንደሆነ ነው ወይስ ያንን ሥራ ማዶ ሆና የምትጠብቀውን ሴት?